«ጤፍ ብቻ ነው» አትበሉኝ

ዛሬ ይሄን ካልተነፈስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ጀመረኝ። መጀመሪያ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ። ከዚያ ቁርጠቱ፣ ከዚያ ያው የማውቀው ጣጣ። ረቡዕ ትምህርት ቤት መሄድ አልቻልኩም፤ ተማሪዎቼ ያለ አስተማሪ ዋሉ። ሐሙስም እንደዚያው። የበላሁት እንጀራ በሽሮ ነው። ሽሮውን ከጥሬው ጀምሮ ራሴ ነኝ ያዘጋጀሁት። የቀረው እንጀራው ነው።

አርብ እግሬ ጠና ሲል ወደምገዛቸው እናት ሄድኩ። ራሴ መጋገር ባልቻልኩበት ሳምንት ከሳቸው ነው የምወስደው። የመጀመሪያ ቀን ሕመሜን አስረድቻቸው «ጤፍ ብቻ ነው ልጄ» ብለውኛል። አሁንም ያንኑ አሉኝ። መልስ ሳልሰጥ ዝም ብዬ ቆምኩ። ዓይኔ እንባ ሲያቀር ጊዜ አዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትንሽ ስንዴ ጣል አድርጌበት ነው እንጂ የኔ ዓለም፤ ጤፉ ተወደደብኝ። ትንሽ'ኮ ናት፣ ምን ታደርግሻለች?» አሉ።

ትንሽ። ይሄን ቃል ጠላሁት።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ያለብኝ በሽታ ሲሊያክ ይባላል። ግሉተን የሚባል ነገር በስንዴና በገብስ ውስጥ አለ፤ ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥም አለ። የስንዴ ሊጥ ሲጎተት እንደ ማስቲካ የሚለጠጠው በሱ ነው። እኔ ያንን ስበላ የሰውነቴ መከላከያ ጠላት የገባ ይመስለውና የገዛ ትንሹን አንጀቴን ይወጋል። አንጀት ውስጥ ምግቡን የሚመጥጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ነገሮች አሉ፤ እነሱ ተበልተው ያልቃሉ። ከዚያ ወዲያ የፈለጋችሁትን ብትበሉ ሰውነት ላይ አይውልም። አለርጂ አይደለም። ጨጓራም አይደለም። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም፤ ያለው መፍትሔ ዕድሜ ልክ ግሉተን አለመብላት ነው። የዳቦ ፍርፋሪ የምታህል እንኳ በየቀኑ ከገባች ቁስሉ አይድንም።

እዚህ ለመድረስ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። አራት ዓመት! አሜባ ነው ተባልኩ። ጃርዲያ ነው ተባልኩ። ታይፎይድ ተብዬ ስንቴ እንደታከምኩ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። የጨጓራ ባክቴሪያ ተብሎ ሁለት ዙር መድኃኒት ጨረስኩ። የደሜ መጠን (ሄሞግሎቢን የሚሉት) ወደ 7.6 ወርዶ ደረጃ መውጣት ሲያቅተኝ የአይረን ኪኒን ተሰጠኝ። ኪኒኑን ዋጥኩ፣ ደሙ ግን ንቅንቅ አላለም። ለምን አልጨመረም ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሌላ ኪኒን ይታዘዛል፣ ቀጣይ! 43 ኪሎ ደረስኩ። ሰፈር ውስጥ ስለ እኔ የሚወራው ወሬ ሌላ ሆነ። «ዓይን ነው» ያሉኝ የተሻሉት ናቸው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የእናቴ ነገር ነው። እናቴ የደላንታ ሰው ናት፣ ደገኛ። ለሷ ገብስ የእህል ንጉሥ ነው። የታመመ ሰው በገብስ ይድናል፣ አራስ በገብስ ትጠነክራለች፣ መንገደኛ በሶ ይዞ ይወጣል። እኔን ለማስታመም ደሴ ስትመጣ በሶውን ራሷ ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በፌስታል ቋጥራ ነው። ጠዋት የገብስና የአጃ አጥሚት። ከሰዓት በሶ በቅቤ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሶውን በመዳፏ ጨብጣ ጨብጣ እንቁላል ታሳክለዋለች። ቅቤው በጣቶቿ መሀል ይወርዳል። «በሞቴ ይቺን ብቻ» ትለኛለች። እጎርሳለሁ። በጎረስኩ ቁጥር ይብስብኛል። በባሰብኝ ቁጥር እሷ ትጨምራለች። ምርመራው ታውቆ ስነግራት ቃል አልወጣትም። ሌሊቱን ስታለቅስ ሰማኋት። እስከ ዛሬ «በእጄ እያጎረስኩ» ትላለች። ምን አጠፋች? ማን ነገራት?

መጨረሻ ላይ አንድ ወጣት ሐኪም አጋጠመኝ፣ አላህ ይስጠው። የአራት ዓመት ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አንድ በአንድ አየው። «ዳቦ ስትበዪ ይብስብሻል ወይ?» አለኝ። ከዳቦ ጋር እንደማልስማማ ራሴ ጠርጥሬ ከሁለት ወር በፊት ትቼው ነበር። ይሄን ስነግረው ራሱን ነቀነቀና አስረዳኝ። የደም ምርመራው የሚፈልገው ሰውነት ግሉተንን ሲዋጋ የሚያመነጨውን ነገር ነው። መብላት ካቆምሽ እሱም እየጠፋ ይሄዳል፤ ታመሽ ሳለ ውጤቱ «ነፃ ነሽ» ብሎ ይወጣል። ስለዚህ «ቢያንስ ስድስት ሳምንት በየቀኑ መልሰሽ ብዪ» አለኝ።

እያወቅኩ በላሁ። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ማታ ማካሮኒ። ስድስት ሳምንት ሽንት ቤትና አልጋ መሀል ኖርኩ። እባካችሁ፣ የሚጠረጥር ሰው ካለ ሳይመረመር ስንዴ አያቁም። ይሄን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ያ ስቃይ ባልደረሰብኝ።

ደሙ አዲስ አበባ ተልኮ ተሠራ። ውጤቱ ከፍ ብሎ መጣ። ከዚያ እኔው ራሴ አዲስ አበባ ወርጄ ካሜራ ያለው ቱቦ በጉሮሮዬ ገባ፤ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ቁርጥራጭ ናሙና ወሰዱ። ብሩን አልነግራችሁም፤ እቁቤ በሙሉ እዚያ ነው የቀለጠው። ሲሊያክ ተባለ። እኔ ደስ አለኝ። ለበሽታዬ ስም ወጣለት። ሐኪሙም «አይዞሽ፣ ዕድለኛ ነሽ፣ የጤፍ አገር ልጅ ነሽ። ጤፍ ግሉተን የለውም» አለኝ። አመንኩት። እሱም አልዋሸም፣ ጤፍ ግሉተን የለውም።

ግን ጤፍ የት አለ?

ከገበያ የምገዛው እንጀራ ድብልቅ መሆኑን ሳውቅ ራሴ ልጋግር ብዬ ተነሳሁ። ጤፍ ገዝቼ፣ ነፍቼ፣ ወፍጮ ቤት ወሰድኩ። ከፊቴ ያለችው ልጅ ስንዴ እያስፈጨች ነበር። የሷ አልቆ ባለወፍጮው የኔን ሊገለብጥ ሲል «ቆይ ጋሼ» አልኩት። ዱቄቱ የሚወርድበትን ጨርቅ በጣቴ መታ አደረግኩት። ነጭ ዱቄት ቦነነ፣ እጄ ላይ አረፈ። ከውስጥ በኩል ጥግ ጥጉ ላይ ደግሞ ጣት የሚያህል ውፍረት ተጋግሯል። ይሄ ሁሉ ወደኔ ጤፍ ሊወርድ ነው። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ከግሉተን ነፃ ለመባል በ1 ኪሎ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን መኖር የለበትም። 20 ሚሊግራም በ1 ኪሎ ዱቄት ውስጥ ተቀላቅሎ በዓይን አይለይም'ኮ! «መጀመሪያ ሁለት ኪሎ ለብቻ ፍጭልኝና ልጣለው» አልኩት። «እህል ትደፊያለሽ?» ብሎ ተቆጣኝ። ወረፋ የያዙትም አጉረመረሙ። ብልጫ ከፍዬ ለመንኩት፣ ፈጨልኝ። ያንን ዱቄት ለጎረቤት ሰጠሁ፣ የደፋሁት የለም።

ቤት ገብቼ አቦካሁ። አሁንም ታመምኩ። ለካ እርሾው! ከጎረቤት የተዋስኩት እርሾ የድብልቅ ሊጥ እርሾ ነው። ደፍቼ ከዱቄትና ከውሃ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ከዚያ ደግሞ ምጣዱ፤ አምባሻ ስንጋግርበት የኖርንበት ምጣድ ነው። ሌላ ገዛሁ። አንድ እንጀራ በሰላም ለመብላት አምስት ወር ፈጀብኝ። አሁንም ሥራ ሲደራረብብኝ ከውጭ ልገዛ እገደዳለሁ፤ እንደ ማክሰኞው ማለት ነው።

የሰው ነገር ደግሞ አለ። ወሎ እንግዳ ሳይበላ አይወጣም። እኔም በዚህ ነው ያደግኩት፣ እወደዋለሁ። ግን ቡና በተጠራሁ ቁጥር ልቤ ይጨነቃል። የቡና ቁርሱ ወይ አምባሻ ነው፣ ወይ ዳቦ ቆሎ፣ ወይ የገብስ ቆሎ። ረመዳን ሲሆን ሳምቡሳውም ሾርባውም አይሆነኝም፤ በተምር አፍጥሬ ቁጭ እላለሁ። ቀሪቦ ሲቀርብ እሱም ገብስ ነው። አልበላም ስል ሰው ይከፋዋል። «ተጠየፈችን» ያለችኝ አክስቴ ናት፣ የገዛ አክስቴ። «ቢስሚላህ ብለሽ ብዪው» የሚለኝም ብዙ ነው። እኔም ቢስሚላህ እላለሁ። ግን የሚጎዳኝን እያወቅኩ መብላት ዲኔም አያዘኝም።

«የፈረንጅ በሽታ ነው» የምትሉኝም አላችሁ። በዓለም ላይ ከ100 ሰው 1 ያህሉ እንዳለበት ይገመታል፤ ብዙው ሳይታወቅለት ነው የሚኖረው። ስንዴ የበሽታው ምክንያት መሆኑ እንዴት እንደተረጋገጠ ሳነብ ቆሜ ቀረሁ። ዊለም ዲከ የሚባል የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ፣ በፈረንጆቹ ከ1944 ወደ 1945 በተሻገረው ክረምት፣ ሆላንድ ውስጥ ረሃብ ገባ። ዳቦ ጠፋ። ሰው ሁሉ ሲከሳ በዚህ በሽታ የሚሰቃዩት ሕፃናት ግን ተሻላቸው። ዳቦ ሲመለስ ተመልሰው ታመሙ። ሐኪሙ ቀድሞ የነበረው ጥርጣሬ ጸና። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ረሃብ ምን እንደሆነ ከአያቶቼ አፍ ሰምቻለሁ። በረሃብ ዘመን አንድ ሐኪም አልጋ ላይ ያሉ ሕፃናትን እንዲህ አስተውሎ ካየ፣ እኛ በሰላሙ ቀን ኪኒን አልሠራ ያላትን አንዲት ሴት «ምን ትበያለሽ?» ብሎ ለመጠየቅ አራት ዓመት ለምን ይፈጅብናል?

ጤፋችንንም ዓለም የሚፈልገው ለዚሁ ነው። ውጭ አገር «ከግሉተን ነፃ» እየተባለ በውድ ይሸጣል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ እንዲያውም በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት (የባለቤትነት መብት) አውጥቶ ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው። ያኔ ሁላችንም «ጤፋችን!» ብለን ጮኸናል። እዚሁ አገሩ ላይ ተቀምጬ ግን አንድ ንጹህ የጤፍ እንጀራ በልበ ሙሉነት ገዝቼ መብላት አልቻልኩም።

የሚደባልቀውን ሰው አልረግምም። ጤፍ ስንት እንደገባ እኔም አውቃለሁ፤ ደሞዜ የአስተማሪ ደሞዝ ነው። ደባልቁ። ማሽላ ቀላቅሉ፣ በቆሎ ቀላቅሉ፣ ሩዝ ቀላቅሉ። እነዚህ ለኔ ምንም አይሉም፤ የቆላ ዘመዶቼ ቤት የማሽላ እንጀራ ጠግቤ በልቼ በሰላም አድራለሁ። ስንዴና ገብስ ከሆነ ግን ንገሩኝ። «ስንዴ አለበት» በሉኝ፣ አመስግኜ አልፋለሁ፣ ቅር አይለኝም። ማክሰኞ የጎዳኝ ስንዴው ብቻ አይደለም። እኚያን እናት አምኛቸው ነበር።

አሁን ደግሞ የእህቴ ጭንቀት አለብኝ። እሷም ደሟ ያንሳል፣ ኪኒን አይሠራላትም። የሲሊያክ ታማሚ ወላጅ፣ ልጅ፣ እህትና ወንድም ውስጥ ከ10 ሰው 1 ያህሉ ላይ ይገኛል። ተመርመሪ ብላት «አንቺ የምትኖሪውን ኑሮ አይቼ?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሆጤ አካባቢ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ግን ሩቅም ቢሆን ኩንታሌን ተሸክሜ እመጣለሁ። ወፍጮ ቤት ያላችሁም፣ በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ከሁሉም በፊት ወፍጮውን ጠርጌ እንድጀምር ፍቀዱልኝ። መጥረጊያውንና ጨርቁን ራሴ ይዤ እመጣለሁ።