ከቁጥር 22 በፊት ያለውን አትዝለሉት

አንድ ጽሑፍ ተስፋ ለቆረጠ ሰው ሰቆቃወ ኤርምያስ 3፥22-23 (የእግዚአብሔር ምሕረት ማለዳ ማለዳ አዲስ ነው የሚለው) ይነበብለት ይላል። መልካም፤ ግን ጥቅሱ ብቻውን ተቆርጦ ሲነበብ ሐዘንተኛው «በቃህ፣ ዝም በል» የተባለ ይመስለዋል። ምዕራፉ እኮ 66 ቁጥር አለው! ከ1 እስከ 18 ተናጋሪው የሚከሰው እግዚአብሔርን ራሱን ነው፦ በጨለማ አኖረኝ፣ ጸሎቴን ከለከለ፣ ጥርሴን በጠጠር ሰበረ፤ መጨረሻ ላይም ተስፋዬ ጠፋ ይላል። ምሕረቱ ማለዳ ማለዳ አዲስ መሆኑን የሚናገረው ይህን ሁሉ ካወጣ በኋላ ነው፤ ያውም ኢየሩሳሌም ፈርሳ።

ስለዚህ ልቅሶ ቤት ከቁጥር 1 ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አንብቡ። ቁጥር 20 ላይ ቆም በሉ፤ ሐዘንተኛው ካለቀሰ ይውጣለት፣ ለማባበል አትሽቀዳደሙ። ከዚያ እስከ 33 ቀጥሉና እዚያው አቁሙ። 39 ስለ ኃጢአት ቅጣት ማጉረምረምን ይወቅሳል፤ ልጇን ለቀበረች እናት ዛሬ የሚነበብ አይደለም (ሰባኪዎቻችን ደግሞ እሱን ሲወዱት!)። በ48 እና 49 እንባው እንደገና ይፈስሳል፤ ትናንት የተጽናና ሰው ዛሬ ቢከፋው «እምነት አነሰህ» አትበሉት። «መኖር አልፈልግም» ካለ ግን ብቻውን አትተዉት፤ ጸሎቱ ሳይቋረጥ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።