ይድረስ ለክቡር አቶ እሽግ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

እንደ ደንቡ ጤናዎን ልጠይቅ ነበር፤ ነገር ግን ጤናዎ ጀርባዎ ላይ ተጽፏል። የተመረተበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን፣ «በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ»። እንደ እርስዎ ዕድሜው በጽሑፍ የተረጋገጠለት ማን አለ? ዕድሜ ይስጥልን እንዳልልም ዕድሜ የሰጠዎት ነገር ከነመለያ ቁጥሩ እዚያው ተዘርዝሯል።

ብዕር ያነሳሁት ሰው ሁሉ እርስዎን ሲያማ መስማት ስለሰለቸኝ ነው። ቺፕስ ሆነው ቢመጡ ይታማሉ፤ ብስኩት፣ ለስላሳ፣ ከረሜላ፣ በሣጥን የገባ ጣፋጭ ቁርስ ሆነው ቢመጡም ሐሜቱ ያው ነው። «ልጆቻችንን አወፈረብን» ይላሉ። ውለታዎን የሚቆጥር ጠፋ። እኔ ልቁጠርልዎ።

ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል። አንዲት ማንኪያ አትክልት ወደ ልጅ አፍ ለማስገባት ልመና፣ ዛቻ፣ ተረት፣ ሲብስም ማንኪያውን አውሮፕላን አድርጎ በአየር ማንሳፈፍ ይጠይቃል። አውሮፕላኑም ብዙውን ጊዜ ሳያርፍ ይመለሳል። እርስዎ ግን ልመናም ዛቻም አያሻዎትም፤ ጓዳ ውስጥ ኮሽ ካሉ ይበቃል። «ተነስ፣ ጫማህን አድርግ» እየተባለ ቢጠራ ቢጠራ የማይሰማ ልጅ፣ ከሁለት ግድግዳ ማዶ የላስቲክዎን ድምፅ ለይቶ ከተፍ ይላል።

ትሕትናዎንስ ማን ያነሳል? ሱፐርማርኬት ውስጥ ሌላው ዕቃ ሽቅብ ሽቅብ ሲል እርስዎ ዝቅ ብለው የ4 ዓመት ልጅ ዓይን ትክክል ይሰለፋሉ። በተለይ ካሸሩ ጋ ያለችዋን ቦታ የመረጠልዎ ሰው ሽልማት ይገባዋል። ወረፋው ረዝሟል። እናት በአንድ እጇ ቦርሳዋን ትበረብራለች፣ በሌላው ጋሪውን ይዛለች። ልጁ እርስዎን አንስቶ ታቅፏል። «መልስ» ሲባል ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ አንገቱን አስግጎ እሷን ያያል፤ አንዷማ ከንፈሯን መጠጠች። እርስዎን ግን ዞር ብሎ ያየ የለም። እናት ተሸንፋ ከዕቃው ጋር ስታስቀምጥዎት፣ ላስቲክዎ ላይ ያለው ጥንቸል አንድ ዓይኑን ጠቅሶ ነበር። ከታተመ ጀምሮ እንደጠቀሰ ነው።

እውቀትዎም ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው ተራ ጥብስ ያደርግዎታል፤ የኋላ ታሪክዎን ባለማወቁ ነው። ሀዋርድ ሞስኮዊትዝ የሚባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ከዚህ ቢያንስ የማይጥም፣ ከዚህ ቢበዛ የሚያቅለሸልሽ የሆነውን የጣፋጭ ልክ በሒሳብ እየፈለጉ ለምግብ ኩባንያዎች ሲያቀርቡ ኖረዋል። ልጆች ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ጣፋጩ ጠንከር ሲል ይወዳሉ፤ ይህንንም እርስዎ አልሳቱትም። ያቺ አይብ አይብ የምትለው፣ አየር የተነፋባት ቅልል ያለች መክሰስስ? ምላስ ላይ ታርፍና ሳትታኘክ ትጠፋለች። አፍ ባዶ ሲሆን አንጎል ምንም ያልተበላ ይመስለዋል፤ እጅም ተመልሶ ይገባል። ሆድ በበኩሉ «በቃኝ» የሚለው መልእክቱ አንጎል ዘንድ እስኪደርስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። በ20 ደቂቃ ልጁ የት ይደርሳል? እሽጉን ጨርሶ ጣቱን እየላሰ ነው። ቀጥሎ ላስቲኩን በጎን ቀዶ፣ ገልብጦ፣ የብርማውን ውስጥ ይልሰዋል። ይህን አላየሁም የሚል ወላጅ ካለ እጁን ያውጣ።

በ2019 (ዓመቱን ሁሉ የምቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኬቪን ሆል የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት 20 አዋቂዎችን ለ4 ሳምንት አስገብተው መገቡ። 2ቱን ሳምንት የእርስዎን ዘር፣ 2ቱን ሳምንት ደግሞ ፋብሪካ እምብዛም ያልነካካውን ምግብ። በሁለቱም ገበታ የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና ፋይበር እንዲመጣጠን ተደርጎ ነበር፤ ከዚያ «የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ» ተባሉ። በእርስዎ ገበታ ሲቀመጡ በቀን 500 ያህል ኪሎ ካሎሪ አስበልጠው በሉ፤ ፈጠን ፈጠን ብለውም በሉ፤ በ2 ሳምንት 0.9 ኪሎ ጨመሩ። በሌላኛው ገበታ ያንኑ ያህል ቀነሱ። እንግዲህ እነዚህ ጺም ያበቀሉ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍሉ ሰዎች ናቸው። «ራስህን ግዛ» የሚባለው ግን የ7 ዓመቱ ልጅ ነው። ልጆች ላይ የሚደረገውን ሙከራማ እርስዎ በየምሳ ዕቃው ያለ ፈቃድ ወረቀት ጀምረውታል።

ከፊትዎ ይልቅ ጀርባዎን ወድጄዋለሁ። ፊትዎ ላይ ጤዛ ያረፈበት እንጆሪ አለ፤ «በቫይታሚን የበለጸገ» ይላል። ጀርባዎን ለማንበብ ግን መነጽር አጥልቆ፣ የስልክ ባትሪ አብርቶ፣ ላስቲኩን ወጠር አድርጎ መያዝ ግድ ነው። ተነበበ እንበል። የውስጥዎ ይዘት የሚዘረዘረው በክብደት ከብዙ ወደ ጥቂት ነው። ታዲያ ስኳር አንደኛ ሆኖ እንዳያሳፍርዎት ምን ይደረጋል? ይበተናላ! ትንሽ ስኳር፣ ትንሽ ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ትንሽ ዴክስትሮስ፣ ትንሽ ተጨምቆ የወፈረ የፍራፍሬ ጭማቂ። እያንዳንዱ ራሱን ችሎ ሲመዘን አነስ ስለሚል ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ ዱቄት ደረቱን ነፍቶ ይቆማል። የተበተነው ቤተሰብ ልጁ ሆድ ውስጥ ተገናኝቶ ይሳሳማል። እንጆሪውን ደግሞ ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት መጨረሻው አካባቢ ነው፤ «የእንጆሪ ጣዕም» ሆኖ።

እዚያው ጀርባዎ ላይ «አንድ ድርሻ 30 ግራም፣ በእሽጉ ውስጥ 2.5 ድርሻ» ይላል። ካሎሪውም የተጻፈው ለአንዱ ድርሻ ነው። ልጁ እንግዲህ እርስዎን ከመክፈቱ በፊት ሚዛን ያወጣል፣ 30 ግራም ይመዝናል፣ ከቀሪው አንዱን ድርሻ ለጓደኛው ይሰጣል፣ ከዚያ ግማሽ ሰው ይፈልጋል ማለት ነው። ግማሹን ሰው እስካሁን አላገኘነውም።

ወደ ለስላሳው ወንድምዎ ስመጣ አድናቆቴ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር፣ በማርና በጭማቂ ውስጥ ያለውም ጭምር፣ በቀን ከሚወሰደው ኃይል ከ10 በመቶ በታች ይሁን አለ፤ ከ5 በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ሒሳቡን እናድርገው። በቀን 1400 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃው ትንሽ ልጅ 10 በመቶው 140 ነው፤ ስኳር በግራም 4 ኪሎ ካሎሪ ስላለው 35 ግራም ይወጣል። በ330 ሚሊ ሊትር የኮላ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ስኳርም 35 ግራም ያህል ነው፤ ወደ 9 የሻይ ማንኪያ። ልክ በልክ! ልብስ ሰፊ እንኳ እንዲህ አይለካም። ልጁ ቆርቆሮውን ጠጥቶ ገና «ምሳ ምንድን ነው?» እያለ የዕለቱ ስኳር አልቋል። በስኳር አልባ መልክ ብቅ ማለትዎንም አልረሳሁም፤ ያው ድርጅት በ2023 ስኳር አልባ ማጣፈጫዎች ክብደት ለመቆጣጠር እንዳይወሰዱ መክሯል። ልብስ መቀየር መብትዎ ነው።

ላድላላልዎ እንጂ ልዋሽልዎ አልፈልግም፤ የታሸገ ሁሉ ዘመድዎ አይደለም። የብራዚሉ ካርሎስ ሞንቴሮና ባልደረቦቻቸው በሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ምግብን እንደ አቀነባበሩ በ4 መድበዋል፤ ሐሳቡ የቀረበው በ2009 ነው። በበረዶ የታሸገ አተርና ፓስቸራይዝ የተደረገ ወተት በእርስዎ ወገን አይቆጠሩም። እርስዎ 4ኛው ነዎት፤ ስታርቹ ከአንዱ፣ ዘይቱ ከሌላው ተነጥሎ ወጥቶ፣ ከቀለምና ከመዓዛ ጋር በፋብሪካ እንደገና የተገጣጠሙ። ሰው ቤቱ ውስጥ ልሥራዎ ቢል ግማሹን ዕቃ ከኩሽናው አያገኘውም። የእሽግ ዳቦና ለስላሳ በዚያው አንድ ወንበር መቀመጣቸው ተመራማሪዎቹን እስካሁን ያከራክራል፤ እኔም ዳቦው ተበድሏል ባይ ነኝ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የእጅዎ ንጽሕና ነው። ክብደት ሲጨምር የሚወቀሰው ልጁ ነው። ክፍል ውስጥ የሚወጣው ቅጽል ስም ለእርስዎ አይወጣም። ሩጫ ላይ ኋላ ሲቀር የሚሳቅበት እርስዎ አይደሉም። ዘመድ መጥቶ ጉንጩን ቆንጠጥ አድርጎ «ይህ ልጅ ምንድን ነው የምታበሉት?» ሲል እናቱ አንገቷን ትደፋለች፤ እርስዎ ከቁምሳጥኑ ውስጥ ሆነው ትንፍሽ አይሉም። ልጁም ይህን ሁሉ ሰምቶ ማታ ተደብቆ ይበላል። የሚበላውም እርስዎን ነው። ሆዳም የሚባለው በልቶ የማይጠግብ እንጂ፣ ተበልቶ እንዳያጠግብ ሆኖ የተሠራ አይደለም።

የድካምዎን ፍሬ ላሳይዎት። በዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ በ1990 ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት መካከል ከልክ ያለፈ ውፍረት የያዛቸው 2 በመቶ ነበሩ። በ2022 8 በመቶ ደረሱ፤ 160 ሚሊዮን ልጆች ማለት ነው። ዩኒሴፍ በ2025 ባወጣው ዘገባ ደግሞ በዚህ ዕድሜ ካሉት ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው 9.4 በመቶ ሲሆኑ ክብደታቸው ከሚገባው ያነሰው 9.2 በመቶ ናቸው። ውፍረት ክሳትን ሲቀድም ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካና ደቡብ እስያ ብቻ ቀርተዋል። እዚያም መንገድ ላይ መሆንዎን እናውቃለን። ሁሉንም እርስዎ ብቻዎን ሠሩት ብዬ አልሸነግልዎትም። እንቅልፍ ማጣት አለ፣ ስክሪን አለ፣ መጫወቻ ሜዳ ማጣት አለ፣ በዘር የሚመጣም አለ። ደግሞም ወፍሮ ብረትና ቫይታሚን የጎደለው ልጅ ብዙ ነው፤ ሆዱን ሞልተውለት አካሉን ያስራቡት እንደሆነ ይህንንም ከሥራዎ መዝገብ ላይ ያስገቡልኝ።

«ልጆች ስፖርት ይሥሩ» የሚለውን ምክርዎንም ሰምተናል። ኳስ ሜዳው ዙሪያ በትልልቁ ተጽፈው፣ ሯጩ ደረት ላይ ተለጥፈው ሲመክሩን ያምራል።

አንዳንድ አገር ግን ውለታ አይገባውም። ቺሊ ከ2016 ጀምሮ ስኳር፣ ጨው፣ ስብ ወይም ካሎሪ የበዛበትን እሽግ ጥቁር ስምንት ማዕዘን ምልክት ለጠፈችበት፤ ከትምህርት ቤት አስወጣችው፤ ልጅ የሚያማልሉትን የካርቱን ሥዕሎችም አስነሳች። የቁርስ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ሲያገሳ የኖረው ያ ዝነኛ ነብር ሳይቀር ከሣጥኑ ወረደ። ሜክሲኮም በ2020 ጥቁሩን ምልክት አመጣች። ብሪታንያ ደግሞ በ2016 «ለስላሳ ላይ እንደ ስኳሩ መጠን ቀረጥ እጥላለሁ» ብላ ለ2018 ቀጠረች። ቀረጡ የሚጀምረው በ100 ሚሊ ሊትር 5 ግራም ላይ ነው። ቀኑ ሳይደርስ ብዙዎቹ ወንድሞችዎ ከ5 ግራም በታች ወርደው ተገኙ። ጣዕሙ ይበላሻል፣ ደንበኛ ይሸሻል ሲባል የነበረው ሁሉ የት ገባ? ለካስ ስኳሩ የሚወጣው በማንኪያ ሳይሆን በገንዘብ ሚኒስትር ኖሯል።

እንግዲህ ምስጋናዬ ይህን ይመስላል። አይቀየሙኝም ብዬ ጥቂት ልመና ልጨምር። ከካሸሩ አጠገብ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን፤ ወረፋው ላይ ያለው የእኛ ገመና ይበቃናል። የተበታተነውን የስኳር ቤተሰብ በአንድ መስመር ሰብስበው ይጻፉልን። ጥንቸሉንም ጡረታ ያውጡት፤ ይህን ያህል ዘመን ዓይኑን ጨፍኖ ኖሯል፣ ይድከመው እንጂ። እምቢ ካሉ ግን ጥቁሩን ስምንት ማዕዘን የምታውቅ ልጅ እያሳደግኩ መሆኔን አስታውቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ከፋይ ወላጅ

ግልባጭ፦
ለነብሩ (ከሣጥን ከወረዱ በኋላ ባሉበት)
ለጥንቸሉ
ከካሸሩ ጎን ላለው መደርደሪያ
ለግማሹ ሰው (ከተገኘ)