ኮፈን የከፈተ ብቻውን አይቀርም

ድሬ ዳዋ ላይ የመኪና ኮፈን መክፈትና ድንኳን መጣል አንድ ነው። ሰው ሳይጠራ ይመጣል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን ሆና ነው?» ይላል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ትንሽ ዝም ይላል። «እግዜር ያጽናህ» ማለት ብቻ ሲቀረው ምክሩን ይጀምራል።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ብዬ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የኮሮላዬን የኤሲ ጋዝ ራሴ ልሞላ ወጣሁ። ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም ጋዙን የሚገፋው ፓምፕ፣ «ጠቅ» ብሎ ይነሳና ወዲያው ይጠፋል፤ ጋዝ ሲጎድል እንዲህ ያደርጋል። ጣሳውን ከነቱቦውና ከነጌጁ ከጅቡቲ አስመጥቻለሁ። ቪዲዮም አይቻለሁ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሞልቶ፣ ዘግቶ እስኪገባ ድረስ አንድ ሰው እንኳ ብቅ አላለበትም። መጀመሪያ አሳዝኖኝ ነበር። አሁን ቀንቼበታለሁ።

ቀድሞ የደረሰው ባጃጅ ነጂ ነው። ሞተሩንም አላጠፋም። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው የሚነዳው በር የሌለው ነገር ነው፤ ኤሲው በደቻቱ ወንዝ በኩል የሚመጣ ነፋስ ነው። ግን «አቦ፣ በቀጭኑ ነው የሚሞላው፣ በቀጭኑ!» ብሎ ጮኸብኝ። በቀጭኑ አይሞላም! ኤሲው ሁለት መስመር አለው፣ ቀጭንና ወፍራም፤ ቀጭኑ ከኮምፕረሰሩ ተገፍቶ የሚወጣው ጋዝ መስመር ነው፤ ጣሳ ብትሰካበት ግፊቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ጣሳውን እጅህ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል። የሠሩት ሰዎችም እንደኛ ዓይነት ሰው እንዳለ ገብቷቸው የሁለቱን አፍ ለያይተውታል፤ የጣሳው ቱቦ የሚገጥመው ወፍራሙ ላይ ብቻ ነው። ይህን ሳስረዳው ምን አለኝ? «እሱማ አዎ።»

ይቺ «እሱማ አዎ» ናት የምታቃጥለኝ። እዚህ ከተማ «አላውቅም» የሚል ሰው አጥቻለሁ። ከዚራ ቆመህ የሰው ቤት ብትጠይቅ፣ የማያውቀው ሰው አንተን ሳቢያን ድረስ በፀሐይ ይሰድሃል እንጂ ሁለቱን ቃላት ከአፉ አያወጣም። አንድ ጊዜ ከታመመች ልጄ ጋር ፋርማሲ ስፈልግ እንዲሁ ሦስት ሰው በሦስት አቅጣጫ መርቶኛል። ያን ቀን አልሳቅሁም፤ ዛሬም አያስቀኝም።

ሁለተኛው የባለቤቴ ወንድም ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐረር ይወርዳል። የደንገጎን ቁልቁለት ሲጨርስ ጃኬቱን ያወልቅና በራችን ላይ ሲደርስ «እንዴት ነው የምትችሉት ይህን ሙቀት?» ይላል። ከተጋባን 14 ዓመታችን ነው፤ 14 ዓመት ሙሉ ይቺን ነው የሚላት። ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ያደገ ሰው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለነውን ሙቀቱን አንድደን የምንጠብቀው ይመስለዋል። ሲብስበት ደግሞ ታሪክ ይጨምርበታል፦ «እናንተ እኮ ባቡሩ ሐረር መውጣት ሲያቅተው ታች ጥሏችሁ የሄደ ዕቃ ናችሁ። ስማችሁም አዲስ ሐረር ነበር።»

የሚያናድደው እውነት መሆኑ ነው። ሐዲዱ ተራራውን አልደፈረውም፤ ባቡሩ በፈረንጅ 1902 ማለቂያ ላይ እዚህ ደረሰ፣ እኛም ከተማ ተባልን። እኔ ግን በዚያ ዓመት ላይ ሌላ ቂም አለኝ። በዚያው በ1902 አሜሪካ ውስጥ፣ ካሪየር የሚባል የ25 ዓመት መሐንዲስ የመጀመሪያውን ዘመናዊ አየር ማቀዝቀዣ ነደፈ። ለሰው እንዳይመስላችሁ። ብሩክሊን ላለ ማተሚያ ቤት ነው፤ እርጥበቱ ወረቀቱን እየለጠጠ ቀለሙን ስላዛነፈባቸው። እንግዲህ በአንድ ዓመት ሁለት ስጦታ ሲታደል ለእኛ ባቡሩ ደረሰን፣ ቅዝቃዜው ለወረቀት።

ወደ ኮፈኔ ልመለስ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ስድስት ወንድ ተሰብስቧል። አንዱ ጣሳውን ገልብጠው ይላል። አንዱ ፀሐይ ላይ አስቀምጠውና ሞቅ ይበል ይላል፤ ጣሳው ላይ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ አታሙቁኝ ተብሎ ተጽፏል። ሌላው ዝም ብሎ ጎማዬን በእግሩ ይመታል። ይህኛው በ2009 ዓ.ም. ክሪኬን «ለአሥር ደቂቃ» ብሎ የተዋሰኝ ጎረቤቴ ነው። ይኸው ዓመታት አለፉ። በየቀኑ ሰላም ይለኛል፣ ልጆቼን ይስምልኛል፣ ለቅሶ አብሮኝ ይደርሳል፤ ስለ ክሪኩ ግን ቃል የለም። ብጠይቀው እኔ ነኝ የማፍረው። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው ባገኘው ደስ ይለኛል።

አያቴ ብትኖር «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ትል ነበር። ይቺን ተረት እወዳታለሁ፤ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ይከነክነኛል፦ ምኑን ነው ያፈሰሰችው? ጤፍ ከሆነ ለቅማ አትጨርሰውም፤ ዘይት ከሆነ አይለቀምም። አያቴን ስጠይቃት፣ ቡናዋን ፉት ብላ፣ ሳትቸኩል፣ «ሽምብራ ነው» አለች። እስከ ዛሬ ያቺ ሴት በዓይኔ ትመጣለች፤ ሽምብራው ወለሉን ሙሉ፣ እሷ ተንበርክካ። የኤሲ ጋዝ ግን ሽምብራ አይደለም። ካመለጠ አመለጠ፤ ሰማይ ላይ ወጥቶ፣ ክብደት ለክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል። መኪናዬን ላቀዘቅዝ ብዬ ለድሬ ሙቀት ልጨምርላት ነው!

ባለቤቴ በመስኮት ብቅ አለች። «ባለፈው ዓመት ሞልተህ አልነበር? የት ሄደ?» አለች። ጥያቄ ማለት ይህ ነው። ጋዙ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ ዝግ መስመር ውስጥ ነው የሚዞረው፤ ጎደለ ማለት አንድ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ይህን አውቃለሁ። እያወቅሁ ሦስተኛ ጣሳዬ ነው። «ቡታጋዙን እንደምፈትሸው መገጣጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀባው፤ ካፈሰሰ ይንፈቀፈቃል» አለች። ሰባት ወንድ ዞሮ አያት። ሰባት ወንድ ወደ ኮፈኑ ተመለሰ።

ሞተሩን አስነሳሁ፣ ኤሲውን ጫፍ አደረስሁ፣ ወፍራሙ ላይ ሰካሁ። የጌጁ ቀስት ንቅንቅ ማለት ሲጀምር የባለቤቴ ወንድም «ልቀቅ፣ እኔ ልያዝልህ» ብሎ ጣሳውን ተቀበለኝ፤ የቱቦውን መዝጊያ ሳይዘጋ ፈታው። ፍስስስስ! ጋዙ የሚፈላው ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ነው፤ ሌባ ጣቱ ነጭ ሆነ። «በረደኝ!» ብሎ ጮኸ። 14 ዓመት ጠብቄአታለሁ ይቺን ቃል። ለብ ባለ ውኃ ነከርንለት፤ የእኛ ቧንቧ መቼም ሳያሞቁት ለብ ያለ ነው። ጣቱ ደህና ሆነ። ጋዙ ሄደ። በዚያን ቀን ሰፈራችን ውስጥ የቀዘቀዘው እሱ ብቻ ነው።

ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ለቀስተኛው ወደ ምሳውና ወደ ጫቱ ተበተነ፤ ድሬ ልትተኛ ነው። አንዱ ብቻ ቀረ፣ ጎማዬን የሚመታው። ጎንበስ ብሎ ከሥር አየና፣

«ቀዳዳው ከታች ሳይሆን አይቀርም፤ ብድግ አድርገን እንየው» አለኝ። «ቤት ክሪክ አለኝ፤ ላምጣልህ?»

«አምጣው» አልሁት።

እስካሁን አላመጣውም።