ትለምዳለህ

ሥራ መልመድ ቀላል የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። የመንግሥት ቢሮ ተቀጥረው የማያውቁ ናቸው። የግል ድርጅቶች የሚተዳደሩበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን በላይ አይፈቅድም። እኔ ስቀጠር ይሠራበት የነበረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 ግን 6 ወር ይሰጥ ነበር። ልዩነቱ መጀመሪያ ላይ ይገርመኝ ነበር። አሁን ገብቶኛል። ሥራ መሥራት በ60 ቀን ይለመዳል። አለመሥራት ግን ጥበብ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል።

ይህን ጥበብ ያስተማሩኝን ባልደረቦቼን ላመሰግን ነው ዛሬ ብዕር ያነሳሁት። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ሌሎቹ «እኛስ ለምን ተረሳን?» ብለው ይቀየሙኛል።

የመጀመሪያው ቀን 2:20 ላይ በር ላይ ደረስኩ። ጥበቃው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ማንን ፈልገህ ነው? ገና ሰው አልገባም» አለኝ። ሠራተኛ ነኝ አልኩት።

«ሠራተኛ ከሆንክማ ምን አስቸኮለህ?»

ጠረጴዛና ወንበር ተሰጠኝ። ኮምፒውተሩ «በግዥ ሂደት ላይ ነው» ተባልኩ። ጠረጴዛው ላይ ግን ፋይል ተከምሯል። እኔ ሞኙ ከላይ ጀመርኩ። እስከ ምሳ ዘጠኙን ጨረስኩ። ክፍሉ ጭጭ አለ። አንዷ እህታችን ጠጋ ብላ «ደህና ነህ ግን? ቤት ሰላም ነው?» አለችኝ። ከወዲያ ጥግ አንዱ «ተዪው ባክሽ፣ ገና አልለመደም» አላት።

ይህችን «አልለመደም» የምትል ቃል ልብ በሉልኝ። አናጺ ቤት ገና አልለመደም የሚባለው ሚስማሩን ስቶ ጣቱን የሚመታ ልጅ ነው። ሹፌር ዘንድ ማርሽ የሚያንጫጫ ነው። እኛ ዘንድ ገና ያልለመደ ማለት የሚሠራ ሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት መጡ። ዓይናቸው ደከም ያለ ነው፤ ወረቀት የሚያነቡት አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ነው። ለአንዲት የድጋፍ ደብዳቤ ሲመላለሱ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። መዝገብ ቤት ራሴ ወርጄ ፋይላቸውን አወጣሁ። ደብዳቤውን በሰው ኮምፒውተር ጻፍኩ፣ አስፈረምኩ፣ ማኅተም አስመታሁ። 25 ደቂቃ ፈጀ። እናት ተቀበሉኝና አልተነሱም። ማኅተሙን በጣታቸው ዳበስ አደረጉት።

«የእውነት ነው?»

«የእውነት ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያው ነገ በስንት ሰዓት ልምጣ?»

እሳቸው እንደወጡ አጠገቤ የሚቀመጡት ጋሼ ኮታቸውን ወንበራቸው ላይ ትተው ተነሱ። «ና ልጄ፣ ቡና ልጋብዝህ» አሉኝ። «እንደ ሀገሩ ነው የሚኖረው። አንተ ዛሬ በ25 ደቂቃ ከሸኘሃቸው፣ እኛን ሦስት ሳምንት ምን ስትሠሩ ነበር አይሉንም?» መልስ አጣሁ። እውነትም ምን ስንሠራ ነበር ሊባል ነው? «አይዞህ» አሉ፣ ስኳሩን እያማሰሉ። «ትለምዳለህ።»

ትምህርቱ እዚያው ተጀመረ። መጀመሪያ ኮት። የጋሼን ግራጫ ኮት ብታዩት ታከብሩታላችሁ። ክረምት ከበጋ ከወንበሩ አይነሳም። ለቅሶ አይሄድም፣ ሕመም ፈቃድ አይወስድም፣ አበል አይጠይቅም። ባለጉዳይ መጥቶ «እሳቸው የሉም?» ሲል ኮቱ ይታያል፤ «አሁን እዚህ ነበሩ» ይባላል። ምስጉን ሠራተኛ ቢመረጥ ድምፄን የምሰጠው ለእሱ ነው።

የፊርማ መዝገብ ቀርቶ የአሻራ ማሽን ሲመጣ አበቃልን ተብሎ ነበር አሉ። ማሽኑ የሚፈልገው ጣት ብቻ መሆኑ ሲታወቅ ሁሉም ተረጋጋ። 2:30 ላይ ጣታችንን እንሰጠዋለን። የቀረው አካላችን ፉል ሊበላ ይሄዳል።

ቀጥሎ ቋንቋ። ያልለመደ ሰው «አላውቅም» ይላል፤ ባለጉዳይ ይቆጣዋል። የለመደ ሰው «ሲስተም የለም» ይላል። ይህን የሰማ ባለጉዳይ ራሱን ነቅንቆ፣ እንዲያውም አዝኖልህ ይሄዳል። በነገራችን ላይ ይህ ሲስተም የሚሉት ነገር ከኃላፊያችን ጋር ሳይዛመድ አይቀርም። ሁልጊዜ የሚጠፉት አንድ ላይ ነው።

ግድግዳችን ላይ ካይዘን የሚባለው የሥራ ማሻሻያ ዘዴ አምስቱ «ማ»ዎች ተለጥፈዋል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ሐሳቡ ከጃፓን ይምጣ እንጂ እንደ እኛ የተዋጣለት የለም። ባለጉዳዩን ማን ልኮት እንደመጣ እናጣራለን። ፋይሉን እናስቀምጣለን። ምሳ ላይ ትሪውን እናጸዳለን። አዲስ ገቢውን እናላምዳለን። ማዝለቁንማ ታውቁታላችሁ።

የሥራ ሰዓታችን በሳምንት 39 ነው። ዓርብ የምሳ ዕረፍቱ ከ5:30 እስከ 7:30 ይረዝማል። ለጁምዓ ሰላት የሚሄዱት ባልደረቦቻችን ሰግደው፣ ምሳቸውንም በልተው 7:30 ላይ ከች ይላሉ። የማንሰግደው ነን እስከ 9 የምንቆየው።

ሰኔ ላይ ደግሞ በጀቱ ሳይመለስ ሥልጠና ይመጣል። አዳማ ሄድን። ርዕሱ የጊዜ አጠቃቀም ነበር፤ ሦስት ቀን። አበል በሁለተኛው ቀን ተከፈለ። በሦስተኛው ቀን አሠልጣኙ ብቻቸውን ጊዜያቸውን ተጠቀሙ።

ስድስተኛው ወር ላይ ተገመገምኩ። «ከባልደረቦቹ ጋር ተግባብቶ የሚሠራ» ተብሎ ተጻፈልኝ። ቋሚ ሆንኩ። ቋሚ ማለት የማይንቀሳቀስ ማለት መሆኑን ያን ቀን ነው ያስተዋልኩት። ጋሼ ደስ ብሏቸው ቡና ጋበዙኝ። እኔም ከመጀመሪያው ቋሚ ደመወዜ ላይ አንድ ሰማያዊ ኮት ገዛሁ።

ባለፈው ሳምንት እኚያ እናት ተመልሰው መጡ። ሌላ ደብዳቤ ፈልገው ነው። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ እያደረጉ አዩኝ። አላወቁኝም።

«ልጄ፣ እዚህ አንድ ልጅ ነበረ። አዲስ ነው መሰለኝ። የለም እንዴ?»

ሰዓቴን አየሁ። 4:10። የቡና ሰዓት ነው። ኮቴን አውልቄ ወንበሩ ላይ አንጠለጠልኩ።

«አሁን እዚህ ነበር፣ እማማ» አልኳቸው። «ኮቱ አለ። ይጠብቁት።»