መስኮቴና ፒያሳ

ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ከተማ የምኖርበት ፎቅ ቤት አዲስ አበባን በዕድሜ ይበልጣታል። እሷ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር፣ የኔ ደረጃ በሰው እግር መሸርሸር ጀምሯል። መስኮቱ ታዲያ ንፋስ ያስገባል። በመጀመሪያው ክረምቴ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ሲገባ በፕላስቲክ መስኮት ልቀይረው ፈቃድ ጠየቅሁ። «አይቻልም» የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። ሕንጻው ቅርስ ነው፤ እንጨቱ መተካት ያለበት በእንጨት ነው። ጋቢዬን ተከናንቤ ሳነበው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የቅርስ ነገር አንገሸገሸኝ።

እዚህም ቢሆን ያላፈረሱ ሰዎች አይደሉም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ረጃጅም ሕንጻዎች ለመሥራት ሲል የጆርጅ አደባባይን ነባር ቤቶች አብዛኞቹን አፍርሷል። ሽማግሌዎቹ ዛሬም ሲያልፉ ቀና ብለው እያዩ ያጉረመርማሉ።

ስለ ታሪካዊ ሕንጻዎች መንግሥትን የሚያማክር ጉባኤ ስኮትላንድ ውስጥ ከ1953 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነበር። በ2003 እሱ ቀረና ሌላ አማካሪ ምክር ቤት ተተካ። ያም ዕድሜ አላገኘም። የመንግሥት ተቋማት በዝተዋል፣ ይቀነሱ ተባለና በ2010 በወጣው ሕግ እንዲፈርስ ተደረገ።

እኔ ባይፈርስ ደስ ይለኝ ነበር። አማካሪ ማዘዝ አይችልም፤ ሚኒስትሩ ምክሩን ሰምቶ እንዳልሰማ ማለፍ ይችላል። ግን «ተው ብለን ነበር» የሚል ወረቀት መዝገብ ቤት ይቀራል። ያ ወረቀት ባለሥልጣንን ትንሽም ቢሆን ያሳስበዋል። ደግሞ የገረመኝ፣ ምክር ቤቱን ለመዝጋት እንኳ ፓርላማ ተቀምጦ ሕግ ማውጣቱ ነው። ምክር ቤቱ ሲሄድም የኔ መስኮት አልተነካም። የሕንጻ ጥበቃው ሕግ አለ። በ1875 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የኮክበርን ማኅበርም አለ፤ ከተማው ላይ አዲስ ግንባታ በታሰበ ቁጥር መጨቅጨቁን አልተወም።

እኛ ጋስ? አዋጅ አለን፤ ቁጥር 209/1992። የቅርስ ባለሥልጣንም አለን። በ2016 ዓ.ም ለኮሪደር ልማት የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ግን እኔ ዜናውን የሰማሁት ቤቶቹ ከፈረሱ በኋላ ነው። እዚያው የሚኖረው የልጅነት ጓደኛዬም ከኔ ብዙም አልቀደመም። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ሁሉ «ተመዝግቧል፣ አልተመዘገበም» ሆነ። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ መዝገብ ማገላበጥ!

ከሩቅ ሆኖ መናፈቅ ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። ጣሪያው የሚያፈስ የቀበሌ ቤት ውስጥ፣ ለአሥር አባወራ አንድ ሽንት ቤት እየተጠቀመ የኖረ ሰው የኔን ትካዜ ቢሰማ ይስቅብኛል። ልክ ነው። ግን ያ ሰውም ቢሆን «የቱ ይፍረስ፣ የቱ ይጠገን?» ተብሎ አልተጠየቀም።

ባለፈው ጓደኛዬ ፎቶ ላከልኝ። ሰፊ መንገድ፣ መብራት፣ ዘንባባ። «የት ነው በለኝ» አለ። ዱባይ መስሎኝ ነበር። አጉልቼ ሳየው ጥግ ላይ የምኒልክ ፈረስ ታየኝ። እግሩን አንስቷል፤ ፊት ለፊቱ ግን የማውቀው አንድም ሱቅ የለም።