የሕፃን ዓይን ሥር መጥቆር ቡዳ አይደለም

እህቴ፣ «የልጄ ዓይን ሥር የጠቆረው ቡዳ በልቶት ነው፣ ኩል ልቀባው» ላልሽው እርማት አለኝ። እዚያ ጋ ያለው የሕፃን ቆዳ በጣም ስስ ነው። ደም ሥሩ ከውስጥ ይታያል፤ ጠቆር የሚለው ለዚህ ነው። አፍንጫው ሲታፈን ይብሳል። ከወላጅም ይወረሳል። የእኔም ልጅ እንዲሁ ነበር። ደብረ ማርቆስ ያሉት አማቴ ጤና አዳም ይዘው ሲሯሯጡ የልጃቸውን ዓይን አሳየኋቸው። ቁርጥ አባቱን!

ኩሉን ግን እባክሽ ተይው። እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል፤ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል።

ተቅማጥ ይዞት ዓይኑ ከጎደጎደ፣ አፉ ከደረቀ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ግን ሰውነቱ ውኃ አንሶታል። ሳትውዪ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ውሰጅው። ሳይመታ እንደ በለዘ ሆኖ ድንገት ከጠቆረም ሐኪም ይየው።