አባወራው የለም?

ቆጣሪ አንባቢው ይመጣል፣ «አባወራው የለም?» የዕድሩ ሰብሳቢ ይደውላል፣ «እስቲ ባለቤትሽን አገናኚኝ።» ኪራዩንም መብራቱንም የምከፍለው እኮ እኔ ነኝ! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝ ነበር። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ያንን ሽሮ በቤት አስተዳደር እኩል ናችሁ አለን። ሕገ መንግሥቱማ የሴቶችን መብት የሚደነግግ አንቀጽ 35 አለው። ታዲያ ለእነዚህ ሰዎች ማን ይንገርልኝ? ሽምግልና ሲባል ተበዳይዋ እኔ፣ ተቀምጠው የሚመክሩት ወንዶች ብቻ፤ እኔ ቡና አቅርቤ ጓዳ ልጠብቅ! አፌን ስከፍት «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ይሉኛል፣ ያውም ተምረናል ባዮቹ። አክስቴ ደግሞ «ተይ፣ ዝም ብለሽ ትዳርሽን ያዢ» ትለኛለች። ከሁሉም የሚያበግነኝ ይኼ ነው!